መኪናችን ቤታችን በሆነች ጊዜ

በሥራና በልጅ መካከል ቆማችሁ አንዱን ስትይዙ ሌላው የሚያመልጣችሁ እናቶች፣ ዛሬ የማወጋችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ስለ መኪና ባትሪ፣ ስለ ኢንተርኔትና ስለ ሳተላይት ዲሽ ይመስላል። ውስጡ ሲገባ ግን የቤት አያያዝ ጉዳይ ነው። ጥፋቱም የእኔና የባለቤቴ ስለሆነ ማንንም አልወቅስበትም።

ተወልጄ ያደግሁት ዲላ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና ከተማችንን መሐል ለመሐል ስለሚያቋርጣት የመኪና ድምፅ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የምንተዳደረው ግን እንደ አብዛኛው የጌዴኦ ሕዝብ በቡና ነው። እኔ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚገባውን እሸት ቡና እየመዘገብኩ ሒሳብ እይዛለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ በአሮጌዋ ሚኒባሳችን ሠራተኛና ዕቃ ያመላልሳል። ጣቢያው ከይርጋ ጨፌ አልፎ በገደብ በኩል ስለሚገኝ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር መግቢያ ባለው የለቀማ ወቅት በየቀኑ ወደ ዲላ መመላለስ የማይታሰብ ነው። ገበሬው ቀን ሲለቅም የዋለውን እሸት የሚያስረክበው ወደ ማታ ነው፤ እሸቱ ደግሞ በዚያው ሌሊት ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ የቡና ሰው በዚያ ወቅት ሌሊትና ቀን የለውም።

እኛም የኋላዎቹን ወንበሮች አውልቀን፣ ፍራሽ ዘርግተን፣ በመስኮቱ ላይ መጋረጃ ሰቅለን፣ የዕቃ ሳጥን በጎን አስቀምጠን ሚኒባሷን ቤት አደረግናት። ሦስቱን ወር የምናድረው በእርስዋ ውስጥ ነው። ሁለቱ ልጆቻችን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ሴትና የሰባት ዓመት ወንድ፣ ትምህርታቸው እንዳይቋረጥ ዲላ ከእናቴ ጋር ይቀራሉ። እናቴ ልጅ አሳድጋ የጨረሰች ሴት ስለሆነች በምግብና በንጽሕና በኩል አልሰጋም። ነገር ግን ሦስት ወር ለአንድ የሰባት ዓመት ልጅ ረጅም ጊዜ መሆኑን እናት የሆነች ሁሉ ታውቀዋለች።

ከዚህም የተነሣ በየማታው ከልጆቼ ጋር የምንተያይባት ግማሽ ሰዓት ለእኔ ከእራት ትበልጥብኝ ነበር። ሲም ካርድ የሚገባባት አንዲት አነስተኛ የኢንተርኔት ራውተር ገዝተን፣ የቴሌፎን መስመር ሻል ብሎ የሚገኘው ከፍታ ላይ ሲሆን ነውና አንቴናዋን በመኪናዋ ጣራ ላይ አስረናል። ማታ ማታ ልጄ ደብተሩን በስልኩ መስተዋት ላይ ደቅኖ «እማዬ፣ ይህን አይተሻል?» ይለኛል። እኔም ከጌዴኦ ተራራ ላይ ሆኜ የመደመርና የመቀነስ ሥራውን አርማለሁ።

ችግሩ የኤሌክትሪክ ኃይል ነበር። በጣቢያው መብራት ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ጄኔሬተሩ የሚሠራው ለመፈልፈያው መሣሪያ ሲሆን፣ ፍልፈላው ሲያበቃ ነዳጅ ለመቆጠብ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ስልክ የሚጠግን አንድ ዘመዳችን ከባትሪ የሚወጣውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት የሚለውጥ ኢንቨርተር አምጥቶ ከመኪናዋ ባትሪ ጋር አገናኘልን። መጀመሪያ የሰካነው ራውተሯንና ሁለቱን ስልኮች ብቻ ነበር። ቀጥሎ ባለቤቴ ትንሽ ቴሌቪዥን ጨመረ። ከቴሌቪዥኑም ጋር ሪሲቨሩና በሦስት ድንጋይ መካከል የምትቆም ትንሽ የሳተላይት ዲሽ መጡ። የጣቢያው ዘበኞችና የሌሊት ሠራተኞች በመኪናዋ በር ላይ ቆመው ዜናና የእግር ኳስ ጨዋታ ሲመለከቱ፣ ባለቤቴ እንደ ትልቅ ባለሆቴል ደስ ይለው ነበር። እኔም ቤታችን ሞላ ብዬ ዝም አልኩ።

ጊዜው ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ምሽት ልጄ የመጀመሪያ የወተት ጥርሱ ወልቆ ጠበቀኝ። በአገራችን ልማድ የወለቀ ጥርስ ጣራ ላይ ይወረወራልና፣ እናቴ ስልኩን ይዛ ወደ ደጅ ወጥታ ልጁ ጥርሱን ሲወረውር አሳየችኝ። ጥርሷ በቆርቆሮው ላይ ኳ ስትል ሰማሁ። ሳቅሁ፤ ወዲያውም አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑ ቀጠለ፤ ድካም ስለነበረብን ሁሉም ነገር እንደ በራ እንቅልፍ ወሰደን።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ዘበኛው መስኮቱን እየደበደበ «እትዬ! እትዬ! ኧረ ተነሡ!» አለ። ከቡና ለቃሚዎቹ አንዷ፣ ወሯ ገና ነው ስትል የነበረች ወጣት ሴት፣ ምጥ ይዟታል፤ ደምም ታይቷል። ወደ አምቡላንስ ደወልን። አምቡላንሷ ሌላ ወላድ ይዛ ወደ ዲላ መንገድ ላይ ነበረች። በአካባቢው ያለችው መኪና የእኛዋ ብቻ ናት። ባለቤቴ ዘሎ መሪው ላይ ተቀመጠና ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው አንድ ጊዜ ጠቅ አለ፤ ከዚያ በኋላ ጸጥ። የፊት ለፊቱ መብራት እንደ ሻማ መጨረሻ ደብዝዞ ነበር።

ያን ጸጥታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሴትየዋ በጋቢ ተጠቅልላ በሁለት ሴቶች ትከሻ ላይ ቆማለች። እኔ የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ። የሌሊት ሠራተኞች ሁሉ ተጠርተው፣ በቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ መካከል ባለችው ጭቃማ መንገድ መኪናዋን ወደ ቁልቁለቱ ይገፏት ጀመር። አንድ ጊዜ ተሞከረ፤ አልተነሣችም። ሁለተኛም እንዲሁ። በሦስተኛው ቁልቁለቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሞተሩ ጓጉሮ ተነሣ። ከመጀመሪያው ቁልፍ እስከዚያ ድረስ አርባ ደቂቃ ያህል አልፏል። ጤና ጣቢያ ደረስን፤ አዋላጇም ተቀበለችን። ጎህ ሲቀድ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትም ልጅም በሰላም ተገላገሉ።

ጧት የወላዷ እናት መጥታ ጉንጬንና እጄን እየሳመች መረቀችኝ። እኔ ግን ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። የራሴን ልጅ ጥርስ ለማየትና ቴሌቪዥን ለማብራት ያቃጠልኩት ኃይል፣ የእርስዋን ልጅና የልጅ ልጅ ሊያሳጣት ምንም አልቀረውም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገረው ለእናንተ ነው።

በዚያው ሳምንት ባትሪውን አውርደን ዲላ ወዳለ አንድ ባትሪ ቤት ወሰድነው። ባለሙያው ሽበት ያላቸው፣ ብዙ ዘመን የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ባትሪውን መዝነው፣ ውኃውን አይተው፣ ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ገበሬ ሁለት ዓይነት እህል አለው። አንዱ የቀለብ ነው፤ አንዱ የዘር ነው። የቱንም ያህል ቢርብ የዘሩን አይበላም። ይህ ባትሪ መኪናሽን የሚያስነሣ የዘር እህል ነው። እናንተ ስትቀልቡበት ከረማችሁ።»

እኔም «ጋሼ፣ ታዲያ አንድ ራውተርና አንድ ትንሽ ቴሌቪዥን ይህን ያህል ይበላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ወረቀት አምጥተው አሰሉልኝ። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ይህን ሒሳብ ሳልሠራ በመቆየቴ አፈርኩ። እናንተም እንድትከታተሉት እንዲህ አቀርበዋለሁ።

እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ዕቃ በሚሠራበት ጊዜ የሚወስደው ኃይል በዋት ይለካል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ላይ ተጽፎ ይገኛል። የእኛ ቴሌቪዥን ወደ 30 ዋት፣ ሪሲቨሩ 15፣ ራውተሯ 10 ይወስዱ ነበር። ኢንቨርተሩ ራሱ፣ ምንም ነገር ባይሰካበት እንኳ፣ በመለወጥ ሥራው የሚያባክነው ወደ 10 ዋት ገደማ አለ። ድምሩ 65 ዋት ይሆናል። ይህን በባትሪው 12 ቮልት ስናካፍለው አምስት ተኩል አምፒር ያህል እናገኛለን። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሰባት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በዚያ ሌሊት ከባትሪው የተቀዳው ወደ 38 አምፒር ሰዓት ነበር። ባትሪያችን ሲገዛ 70 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ነበር። ነገር ግን ሦስት ዓመት ያገለገለ ስለሆነ ባለሙያው እንደገመቱት ከ50 የማይበልጥ ነው የሚይዘው። ከአራቱ እጅ ሦስቱን ጠጥተንለት ነበር ማለት ነው። በደጋው ሌሊት ብርድ ላይ የናፍጣ ሞተር ለማስነሣት በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ያስፈልጋል፤ የቀረው ጭላጭ ከዚህ የሚበቃ አልነበረም።

«ኢንቨርተሩ ባትሪ ሲደክም ይጮኻል፣ ራሱም ይጠፋል ብለውን ነበር» አልኳቸው። እርሳቸውም፣ አብዛኛው ኢንቨርተር የሚዘጋው ባትሪው ወደ 10 ቮልት ተኩል ግድም ሲወርድ መሆኑን፣ መኪና የሚያስነሣው ኃይል ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ የሚያልቅ መሆኑን አስረዱኝ። መሣሪያው የሚጠብቀው ራሱን እንጂ መኪናዋን አይደለም። በእረፍት ላይ ያለ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ግድም ያሳያል። 12.2 ሲያሳይ ግማሽ ገደማ ሆኗል፤ ከ12 በታች ሲወርድ ባዶ ወደ መሆን ተቃርቧል። ይህን የምታሳይ ትንሽ መለኪያ ከመኪና ዕቃ መደብር ይገኛል። የመኪና ማስነሻ ባትሪ በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ከተቀዳ በቶሎ ይሞታል፤ በዝግታ እንዲቀዳ የተሠራው፣ ለሶላር የሚሸጠው ዓይነት ግን ይህን ይችላል።

ከባትሪ ቤቱ ስመለስ ያሰብኩት ስለ ልጅነቴ ነው። በእኛ ቤት አንድ ራዲዮ ነበር። የራዲዮው ድንጋይ ሲደክም አባቴ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል፤ ወደ ማታ ተመልሰው ጥቂት ይሠራሉ። ስለዚህ ራዲዮ የሚከፈተው ለዜናና ለጥቂት ዝግጅቶች ብቻ ነበር። ከዚያ ውጭ ልጅ እጁን ካስገባ ቁጣ አለ። አባቴ ዋትና አምፒር የሚባል ነገር አያውቅም፤ ኃይል የሚያልቅ ነገር መሆኑን ግን ያውቅ ነበር። እኛ ሶኬት በግድግዳ ላይ አይተን ያደግነው ግን ያን ዕውቀት ጣልነው።

ለቀማው አልቆ ወደ ዲላ ከተመለስን በኋላ፣ በጥር ወር፣ እህቴ በምትሠራበት የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ውስጥ አንድ ነገር አየሁ። ከናይሮቢ ተነሥተው በሞያሌ በኩል የገቡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ የውጭ አገር ባልና ሚስት በሙሉ ቤት በሆነች መኪና መጥተው ሁለት ሌሊት አደሩ። አልጋ፣ ምድጃ፣ የውኃ በርሜል፣ ሁሉም በውስጧ አለ። እህቴ ቡና አፍልታ ጠራቻቸውና፣ እኔም በትምህርት ቤት በተማርኩት እንግሊዝኛ ከሴትየዋ ጋር ወሬ ጀመርን። እኛም በመኪና ውስጥ ሦስት ወር እንደምንኖር ስነግራት እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ።

ከአልጋው ሥር ከፍታ ሁለተኛ ባትሪ አሳየችኝ። የሞተሩ ባትሪ ከፊት ለብቻው ነው፤ የቤቱ ባትሪ ከኋላ ለብቻው ነው። መኪናዋ ስትሄድ ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ግን በመካከላቸው ያለው መለያ ራሱ ያላቅቃቸዋል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ቢቀዳ የፊተኛውን አይነካውም። የእኚያ የባትሪ ቤት አባት የዘርና የቀለብ እህል በሌላ ቋንቋ ተጽፎ እዚህ አገኘሁት። ሴትየዋ በየማታው የባትሪውን ቮልትና የተጠቀሙበትን ሰዓት በአንዲት ትንሽ ደብተር ትጽፍ ነበር። የእኔን የአስቤዛ ወጪ ደብተር ይመስላል።

ከዚያም ከአንድ ሳጥን ውስጥ ጠፍጣፋ፣ ነጭ፣ የእንጀራ ሰፌድ አፉን አራት ማዕዘን ያደረገ የሚመስል ነገር አወጣች። ከሳተላይት ኢንተርኔት የሚቀበል ዲሽ ነው። ስታርሊንክ የሚባለው አገልግሎት በኬንያ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ስለሚሠራ፣ እዚያ ሳሉ በምድረ በዳው ውስጥ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይገናኙበት እንደ ነበር ነገረችኝ። ወደ አገራችን ከገቡ ወዲህ ግን ፈቃድ ስለሌላቸው ከሳጥኑ አላወጡትም። በአገራችን እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለማስገባትና ለመጠቀም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋልና፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ይህን ሳትጠይቁ እንዳታስመጡ እመክራለሁ።

ከእኛ የቴሌቪዥን ዲሽ ጋር ያለውን ልዩነት ስጠይቃት በወረቀት ሥላ አሳየችኝ። ቴሌቪዥን የሚያስተላልፉት ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆነው ከመሬት ጋር እኩል ስለሚዞሩ፣ ከታች ሲታዩ አንድ ቦታ የቆሙ ናቸው። ዲሹ አንድ ጊዜ ከተቃና በቂ ነው። የሚቀበል ብቻ እንጂ የሚልክ ስላልሆነ በአፉ ላይ ያለችው መሣሪያ የምትወስደው ኃይል ጥቂት ዋት ብቻ ነው። አዲሶቹ ሳተላይቶች ግን 550 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ብቻ ስለሚበሩ ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይዞሯታል። አንዱ ሲያልፍ ዲሹ ሌላውን መያዝ፣ እየላከም እየተቀበለም መከታተል አለበት። በውስጡም እጅግ ብዙ ጥቃቅን አንቴናዎች አሉ። ቅርበቱ መልእክቱን ፈጣን ያደርገዋል፤ ዋጋው ግን በኃይል ይከፈላል። ትልቁ ዓይነት ሲሠራ ከ75 እስከ 100 ዋት፣ አነስተኛው ደግሞ ከ25 እስከ 40 ዋት ይወስዳል።

ሒሳቡን አሁን እኔው ሠራሁት። መቶ ዋት ለስምንት ሰዓት 800 ዋት ሰዓት ነው፤ በ12 ቮልት ሲካፈል 67 አምፒር ሰዓት ይሆናል። የእኛን አዲስ ባትሪ ሙሉውን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል ማለት ነው። ትንሹ በ30 ዋት ቢሠራ ግን 20 አምፒር ሰዓት ይበቃዋል። ሴትየዋም ሳቅ ብላ፣ እነርሱም መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ አብርተውት ጨለማ ውስጥ ማደራቸውን፣ ከዚያ ወዲህ ለልጆቻቸው የሚደውሉበት ሰዓት ብቻ እንደሚከፍቱት አጫወተችኝ። ስሕተቱ የእኔ ብቻ አለመሆኑ ትንሽ አጽናናኝ።

አንድ ነገር ግን እኔም አስተማርኳት። ዲሹ ሰፊና ክፍት ሰማይ ይፈልጋል፤ አንድ የዛፍ ቅርንጫፍ ቢጋርደው እንኳ መስመሩ ይቆራረጣል። እኛ ዘንድ ደግሞ ቡናው ከእንሰት ሥር፣ እንሰቱ ከዋንዛና ከብርብራ ሥር ነው የሚያድገው። ይህ ለዘመናት ተጠብቆ የኖረ የዛፍና የእርሻ አያያዝ ነው የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ያስመዘገበው። ስለዚህ በእኛ አገር መኪናውን ወደ ሰማዩ እናንቀሳቅሳለን እንጂ ለዲሽ ብለን ዛፍ አንቆርጥም አልኳት። ለፀሐይ ኃይል መቀበያው ሰሌዳም ያው ነው፤ በጥላ ሥር የቆመ መኪና ከጣራው ላይ ምንም አይለቅምም።

በሚቀጥለው ወቅት፣ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ወደ ጣቢያው ስንመለስ ቤታችንን እንደ ገና አደራጀነው። በእቁብ ባገኘሁት ገንዘብ 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የሶላር ባትሪ ገዛን። ከዲናሞው ጋር የሚያገናኘውና ሞተር ሲጠፋ የሚለየው ሪሌ ተገጠመለት። በጣራው ላይ 100 ዋት የምትሰጥ የፀሐይ ሰሌዳ ከመቆጣጠሪያዋ ጋር አሰርን። ራውተሯ በተፈጥሮዋ በ12 ቮልት የምትሠራ ስለሆነች በቀጥታ ከባትሪው አገናኘናት። ቀድሞ 12ቱን ወደ 220 ለውጠን፣ መልሰን ወደ 12 ስንለውጠው ኃይል በሁለት በኩል ይፈስ ነበር። ውኃ ከማድጋ ወደ ቅል፣ ከቅል ወደ ማድጋ ስትገለብጡ እንደሚንጠባጠበው ማለት ነው።

ከዚያም የቀለብ ድልድል አወጣሁ። ራውተር በቀን አራት ሰዓት፣ 40 ዋት ሰዓት። ሦስት ስልክ መሙላት 45። አምስት ዋት አምፖል ለአምስት ሰዓት 25። ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ለሁለት ሰዓት ብቻ 90፤ ባለቤቴ ጥቂት አጉረመረመ እንጂ ተስማማ። ድምሩ 200 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 17 አምፒር ሰዓት ያህል ነው። ባትሪውን ከግማሽ በታች ላለማውረድ 50ውን ብቻ ብንቆጥር፣ ፀሐይ ጨርሶ ባትወጣ እንኳ ሦስት ቀን ያደርሰናል። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ሰሌዳዋ ደመናውና ብክነቱ ተቀንሶ 250 ዋት ሰዓት ያህል በቀን ታስገባልናለች። ገቢው ከወጪው በልጧል፤ ሒሳብ ሠራተኛን የሚያስደስት ይህ ነው።

በመኪና ውስጥ ለምታድሩትም ሆነ፣ በከተማ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ራውተርና አምፖል ከባትሪ ለምትሰኩት እህቶቼ፣ ያየሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ከባትሪው ራስ ቅርብ ሆኖ በሚቀመጥ ቦታ ፊውዝ ሳታስገቡ ምንም ሽቦ አትዘርጉ፤ ሽቦ ቢነካካ እሳት ነውና። ሁለተኛ፣ ቀጭን ሽቦ አትጠቀሙ። 12 ቮልት ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ በቀጭንና በረጅም ሽቦ ላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሽቦውም ይግላል። ሦስተኛ፣ ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ ውስጡም አሲድ ነው። በመኝታ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡት፤ የእኛው ወደ ውጭ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ነው ያለው። ልጅ በሚደርስበት ቦታም አይሁን። የሚጨመርበትም የተጣራ የባትሪ ውኃ እንጂ የቧንቧ ውኃ አይደለም።

አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል። መብራት ሲጠፋና ሲበርድ ከሰል አቀጣጥሎ ወደ መኪና ወይም ወደ ዝግ ክፍል ማስገባት የተለመደ ሆኗል። የከሰል ጭስ ባይታይም ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለው፤ የጄኔሬተርም ጭስ እንደዚሁ። እኛም በመጀመሪያው ዓመት አንድ ዝናባማ ሌሊት ምድጃ አስገብተን ራሳችንን አሞን ነቅተናል። ነቅተናል ማለቴ ዕድለኞች ሆነን ነው። ያልነቁም አሉ። ብርድን በጋቢና በብርድ ልብስ እንጂ በከሰል አትመልሱት።

መቼም እናት ሆኖ ከልጅ መለየት ቀላል አይደለም። ከሩቅ ሆነን ፊታቸውን የምናይበት መሣሪያ መምጣቱ ለእኛ ለሠራተኛ እናቶች ትልቅ ነገር ነው፤ ከሳተላይትም ይምጣ ከቴሌፎን ማማ ልዩነት የለውም። እኔ ልጄን ማየት አልተውኩም፤ እናንተም ተዉ አልልም። ነገር ግን የምናየው በየትኛው ባትሪ ነው የሚለውን መጠየቅ ተምሬያለሁ። መኪናዋ ለመነሣት የሚያስፈልጋት ኃይል የእኔ ብቻ አልነበረም። በዚያ ተራራ ላይ ያደረች ሴት ሁሉ ኃይል ነበር።

በዘንድሮው ለቀማ ያች ወጣት እናት ልጇን አዝላ ወደ ጣቢያው ተመለሰች። ሕፃኗ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ከታች ሁለት ጥርስ አብቅላለች። ማታ ልጄ በስልክ ሲያያት «እማዬ፣ የእኔ ሲወልቅ የእርስዋ በቀለ» አለኝ። ግማሽ ሰዓታችን ሲያልቅ ራውተሯን አጠፋሁ። ባለቤቴም ወርዶ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞረ። መኪናዋ ወዲያው ተነሣች። መልሶ አጠፋትና ተኛን። አሁን በየማታው እንዲህ ሳናደርግ አንተኛም።